ከቆራሌው ጆንያ የወጡ 41 የሙዚቃ ሸክላዎች

ኅዳር 2017፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ጆንያው ዛሬ ቤት ገባ። ምናለሽ ተራ የማውቀው ቆራሌው ደውሎ «ሸክላ አለ፣ ቶሎ ካልመጣህ ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው» አለኝ። ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። በ2016 ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ከአንድ ቤት የገዛው ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሰበረ ወንበርና ከብረት ምጣድ ሥር ተጭኖ ነው የከረመው። 9,000 ብር ጠራ፣ ተከራክረን በ6,500 ተስማማን። ታክሲ 380።

ማታ ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። 41 ናቸው። 34ቱ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ናቸው። 7ቱ ከባዶቹ፣ ባለ 78 ዙር የግራሞፎን ሸክላዎች ናቸው፤ ከነሱ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። በአማርኛ ሁሉንም ሸክላ እንላቸዋለን እንጂ ትንንሾቹ ፕላስቲክ ናቸው። ስሙ በደንብ የሚገባው ለከባዶቹ ነው። ከሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠሩ ስለሆኑ ከእጅ ካመለጡ እንደ ጀበና ነው የሚበታተኑት።

ከጆንያው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ውስጡ ወረቀት፣ ሁለት ፎቶና የግራሞፎን መርፌ መያዣ ትንሽ ቆርቆሮ አለ። የመርፌ መያዣው ክዳን ላይ የግራሞፎን ቀንድ የሚያዳምጠው፣ የሂዝ ማስተርስ ቮይስ የሸክላ ኩባንያ ውሻ ተስሏል። ውስጡን ከማየት በቀር ቆርቆሮውን ዛሬ አልነካሁትም። ያስቸኮለኝ ድምፁ ነበር።

በአሳታሚያቸው ስለያቸው፣ ከ34ቱ 11 የአምሃ፣ 6 የካይፋ፣ 9 የፊሊፕስ ኢትዮጵያ ናቸው። የቀሩት 8 የጣሊያን፣ የህንድና የሱዳን ናቸው።

ስለ አምሃዎቹ ትንሽ ልጻፍ፤ ይህን ታሪክ ሳያውቁ ሸክላ መሰብሰብ ጎደሎ ይመስለኛል። በ1948 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ እያለ፣ ያንን ደንብ ተሻግሮ የራሱን ሸክላ አወጣ። ዘፈኑ የሚቀረጸው አዲስ አበባ ነው። ሸክላው የሚታተመው ግን መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ሊባኖስ ነበር። ስለዚህ መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት አንብቡ፣ የታተመበት አገር ጊዜውን ይጠቁማችኋል። ቁጥሩ ኤ.ኢ. በሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው የሚጀምረው። በ1975 እ.ኤ.አ. አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አሳትሟል። ከነሱ 11ዱ አሁን የኔ ምንጣፍ ላይ ናቸው። ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም።

ኅዳር፣ ሁለተኛው ሳምንት

ሁለት ስህተት ሠራሁ። ሁለቱም የማይመለሱ ናቸው።

አንደኛው። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞላሁ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብ አደረግሁና አንድ የአምሃ ሸክላ እንዳለ ነከርኩት። መርፌው ከሚሄድባቸው ቀጫጭን ጉድጓዶች የወጣው ጭቃ ውሃውን አጠቆረው። ደስ አለኝ። ሳወጣው መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ርሶ አብጧል። ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ እስኪርቢቶ የተጻፈ ሁለት መስመር ጽሑፍ ነበር። እንደነበረ አስታውሳለሁ፣ ምን እንደሚል ግን አላነበብኩትም ነበር። ቀለሙ ታጥቦ ሄዷል። የቀረው ሰማያዊ እድፍ ብቻ ነው።

ከ40 ዓመት በላይ የቆየ የአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ እኔ በአንድ ማታ አጠፋሁት። ዘፈኑን ሌላ ቅጂ ላይ ላገኘው እችላለሁ። ያንን ጽሑፍ ግን የያዘው በዓለም ላይ ይህ ሸክላ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው። ከባዶቹን በህክምና አልኮል መጥረግ ጀመርኩ። ጥጡ ጥቁር ቡናማ ሆነ። ቆሻሻ መስሎኝ ደጋግሜ ጠረግሁ። ቆሻሻ አልነበረም፣ የሸክላው ሙጫ ራሱ ነው እየሟሟ የወጣው። የጠረግሁበት ቦታ ማብረቅረቁን አጥቶ ደብዝዟል። ባለ 78 ዙር ሸክላ አልኮል አይነካውም፣ በፍጹም። ጥሩነቱ ከተሰነጠቁት በአንዱ ነበር የጀመርኩት።

ሥራውን አቁሜ ማስታወሻ ደብተር ገዛሁ። ከአሁን በኋላ እያንዳንዱ ሸክላ ውሃ ከመንካቱ በፊት ከሁለቱም በኩል ፎቶ ይነሳል። ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ማህተም፣ እድፍ ሁሉ ደብተር ላይ ይሰፍራል።

ኅዳር፣ አራተኛው ሳምንት

ወረቀቱን ከውሃ የሚከላከል ነገር መሥራት ነበረብኝ። በውጭ አገር ለዚህ የተሠራ ዕቃ ይሸጣል። እኔ የሁለት ማርማላታ ዕቃ ክዳን ወስጄ ጠርዛቸው ላይ ከመኪና ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ አጣበቅሁ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ በመሃል ቀዳዳው በሚያልፍ ቡሎን ይጠብቃል። የመጀመሪያው ውሃ አስገባ፣ ጎማው አንድ ቦታ ላይ አጥሮ ነበር። ሁለተኛውን በማይረባ የጣሊያን ሸክላ ላይ ሞክሬ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው የኛዎቹን የነካሁት።

ለማጠቢያ የተጣራ ውሃ ነው የምጠቀመው፣ ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ። ዕቃው ላይ አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነገር ጉድጓዱ ውስጥ ይተዋል፤ እሱ ደግሞ ሲጫወት ይንጫጫል። ሁለት ሊትር ውሃ ላይ ሁለት ጠብታ ሳሙና ይበቃል። የሕፃን ፀጉር ብሩሽ ይዤ ዙሩን ተከትዬ እፈትጋለሁ፤ አቋርጬ አልፈትግም። ከዚያ ሳሙና በሌለው ውሃ አለቀልቅና የሰሃን ማድረቂያ ላይ አቆመዋለሁ። ከባዶቹን አልነክርም፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ቶሎ ጠርጌ ወዲያው አደርቃለሁ። ዕቃው ሁሉ 740 ብር ፈጀ።

በማታ 5 ሸክላ ነው የምችለው። ከዚያ በላይ ከሄድኩ እጄ መቸኮል ይጀምራል።

ታኅሣሥ፣ መጨረሻ

የብስኩት ቆርቆሮውን እንደገና ከፈትኩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ግማሹ የተቀደደ ቲኬት አለ። የሸክላ መሸጫ ቤቶች ማህተም ያለባቸው 4 የወረቀት ከረጢቶች አሉ። አንዱ ፎቶ ላይ ከረባት ያሰረ ወጣት ትልቅ ሬዲዮግራም (ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ አንድ ላይ ያለው) አጠገብ ቆሞ እጁን ክዳኑ ላይ አሳርፏል። ሰዎች ያኔ መኪናቸው አጠገብ እንደሚነሱት ነው የተነሳው።

ከዚያ ደብተሬን ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁ። በ9 ሸክላዎች ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የአንድ ሰው ነው። የ«ዐ»ዋ አጣጣል ሁሉም ላይ ያው ነው። ሰውየው ሸክላዎቹን በገዛበት ተራ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፣ ከቁጥሩ ሥር ቀን ጽፏል። ያገኘሁት ትንሹ ቁጥር 3 ነው፣ መስከረም 1963። ትልቁ 31 ነው፣ 1967። 13 አለ፣ ሐምሌ 1965 ይላል። 15 አለ፣ ጥቅምት 1966።

14 የለም። ሳፋ ውስጥ የነከርኩት እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጥር፣ ሁለተኛው ሳምንት

ለገና የመጣችው የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሸክላ ማጫወቻ ይዛልኝ መጣች። የ1970ዎቹ ዕቃ ነው፣ በቺንጋ የሚዞር፣ ከባድ ሰሃን ያለው። 110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛሁ፣ 3,200 ብር። ሻጩ «ምንም ችግር የለውም፣ ሁሉንም የአሜሪካ ዕቃ ያሠራል» ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ሸክላ አስቀመጥኩ። ድምፁ ወረደ። ዘፋኙ የታመመ ይመስላል፣ ከበሮው ይጎተታል። ሸክላው ነው ብዬ ሌላ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ቺንጋው ላልቶ ይሆናል ብዬ በ900 ብር አዲስ ቺንጋ አገኘሁ፣ ያው ነው። ቮልቱን ለካሁት፣ 112፣ ትክክል ነው።

በመጨረሻ ወደ አንድ አዛውንት ሬዲዮ ሠሪ ይዤው ሄድኩ። የአክስቴ ባል ሬዲዮ እሳቸው ጋ ነበር የሚሠራው። ነገርኳቸው። ማጫወቻውን እንኳ አልከፈቱትም።

«ቆጥረኸዋል?» አሉኝ።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«ዙሩን ነዋ። ወረቀት ለጥፍበትና ሰዓት ይዘህ ቁጠር።»

ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ እሳቸው የእጅ ሰዓታቸውን ያዙ። በአንድ ደቂቃ 45 መዞር የነበረበት 37 ተኩል ዞረ። «አየህ፣» አሉኝ፣ «የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንስልሃል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ይህ ሞተር ደግሞ የሚከተለው ኸርዙን ነው።» ኸርዝ ኮረንቲው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ከስድስት አምስት እጁን ነው የሚዞረው ማለት ነው። 45ን ለስድስት አካፍላችሁ በአምስት ብታባዙ በትክክል 37 ተኩል ይመጣል።

ከአሜሪካ ሸክላ ማጫወቻ ለሚያስመጣ ሁሉ ይህንን እነግረዋለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የሞተሩን ዓይነት ጠይቁ። በኮረንቲ ድግግሞሽ የማይመራ ባለ ዲሲ ሞተር ከሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።

ጥር፣ መጨረሻ

መፍትሔው ፑሊውን ማወፈር ነው። ፑሊ ማለት ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው፣ ቺንጋው የሚጠመጠምባት ትንሽ ነገር ናት። ለ45 ዙር የሚሆነው ደረጃዋ 12.4 ሚሊሜትር ነው። ሞተሩ በአንድ አምስተኛ እንዲካካስ በ1.2 አባዝቼ 14.88 አልኩና ቶርኖ ቤት ወስጄ ከነሐስ አስወጣሁ። 1,500 ብር።

ልጁ ሥራውን አሳምሮ ነው የሠራው፣ ስህተቱ የኔ ስሌት ነበር። ቤት መጥቼ በ5 ደቂቃ ብቆጥር 223 ዞረ። 225 መሆን ነበረበት። ትንሽ ነው፣ ግን ክራር የሚቃኝ ጆሮ ይሰማዋል። ደግሜ ሳስበው የቺንጋውን ውፍረት ረስቻለሁ። 0.6 ሚሊሜትር ነው፣ ሲጠመጠም የፑሊው አካል ይሆናል። ስለዚህ 12.4 ላይ 0.6 ጨምሮ 13፣ በ1.2 አባዝቶ 15.6፣ ከዚያ ቺንጋውን መቀነስ፤ 15 ሚሊሜትር ድፍን። ተመልሼ ሄድኩ፣ 600 ብር። አሁን 225 ይዞራል። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት።

የዚያን ዕለት ማታ ቁጥር 3ን በትክክለኛ ፍጥነቱ ሰማሁ። ሳክስፎኑ ሲገባ እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። እስኪያልቅ ምንም አላለችም። ከዚያ «ገልብጠው» አለችኝ።

የካቲት

የድምፅ ነገር አስቸገረኝ። መጀመሪያ ማጫወቻውን ስፒከሩ ላይ ባለው ተራ መግቢያ ሰካሁት። ድምፁ ቀጭንና ደካማ ሆነ፣ ቤዙ ጭራሽ የለም። ሸክላ ሲታተም ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ተጨምሮ ነው የሚቀረጸው፣ ካልሆነ ጉድጓዱ አይበቃም። ሲጫወት ይህንን የሚመልስ ፎኖ የሚባል ማጉያ ያስፈልጋል። አዛውንቱ ከአሮጌ አምፕሊፋየር ፎኖውን ነቅለው፣ ኮንደንሰሮቹን ቀይረው በቆርቆሮ ሣጥን አደረጉልኝ። 2,500 ብር አስከፈሉኝ፣ የሠሩበት ጊዜ ግን ከዚያ በላይ ያወጣል።

ወደ ኮምፒውተር የምቀዳው ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ነው፣ ባለ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ። አንድ ደቂቃ በስቴሪዮ 35 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። አብዛኞቹ ሞኖ፣ ማለትም በግራም በቀኝም ያው ድምፅ ስለሆኑ ሁለቱን ደምሬ አንድ አደርጋቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ የጭረቱ ድምፅ በመጠኑ ይቀንሳል። ጭረት ማጥፊያውን ብዙ አልጠቀምም። አንዴ አጥብቄ ሠርቼ የከበሮውን ምት ራሱ በልቶብኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶ መሃል ላይ አቋርጦኛል፤ አሁን ላፕቶፑ በባትሪ ቢሆንም ማጫወቻው መቆሙ አልቀረም። ቅጂዎቹን ኢንተርኔት ላይ አልጭንም። የዘፋኞቹና የአሳታሚዎቹ ወይም የወራሾቻቸው ንብረት ናቸው።

5ቱ ሸክላዎች መሃላቸው በቢላ ተቆፍሮ ሰፍቷል። ለቡና ቤት ጁክቦክስ (በሳንቲም ሸክላ ለሚያጫውተው ሣጥን) እንዲሆን የተደረገ ይመስለኛል። ትንሹ ቀዳዳ 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ትልቁ 38። እጅ የቆፈረው ስለሆነ መሃሉ አይደለም፣ ሸክላው ሲዞር ይዋልላል፣ ድምፁም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ቶርኖ ቤት ያስወጣሁት ማቻቻያ ለብቻው አልበቃም። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፦ መርፌውን አሳርፌ ክንዱን ከጎን አያለሁ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ሸክላውን በጣቴ ትንሽ ገፋ አደርጋለሁ። ክንዱ ቀጥ ብሎ እስኪሄድ። ለአንዱ ሸክላ 20 ደቂቃ ፈጅቷል። ያዋጣል።

መጋቢት

ሁለት የተጣመሙ ነበሩ። ሁለት 5 ሚሊሜትር መስታወት (450 ብር) መሃል አድርጌ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያውን 40 ደቂቃ አቆይቼ እዚያው መስታወቱ ውስጥ እንዳለ ማታ እስኪቀዘቅዝ ተውኩት፤ ተቃና። ሁለተኛውን በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ አስቀምጬ ስልክ ተደወለልኝና ዘገየሁ። ጠርዙ ላይ ጉድጓዶቹ ለስልሰዋል፣ የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ አሁን ሹክሹክታ ነው። የፊሊፕስ ነበር። ጠዋት ብቻ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ነው መሥራት ያለበት።

ማስቀመጫ ሣጥን ከችፑድ አሠራሁ፣ 1,800 ብር። ክረምት ሲመጣ እርጥበት ያሳብጠዋል ብሎ አናጺው ራሱ ስለነገረኝ ከሥር ቀለም ቀብቼ ከግድግዳ አርቄ አስቀመጥኩት። ሸክላ ቆሞ ነው የሚቀመጠው፣ ተደራርቦ አይደለም። አዲስ ከረጢት ከማተሚያ ቤት ቁርጥራጭ ወረቀት ሠራሁ፣ 600 ብር። የድሮዎቹን ከረጢቶች ግን አልጣልኩም። ለየብቻ፣ ከየሸክላቸው ቁጥር ጋር። ፕላስተር የተለጠፈባቸውን ላላቅቅ ብዬ አንዱን ማህተም ቀደድኩ፤ ሌሎቹን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

እስካሁን ማጫወቻውን ሳይጨምር 19,170 ብር ወጥቷል።

ሚያዝያ

የከባዶቹ መርፌ ከዋሽንግተን ደረሰ፣ 30 ዶላር። ጉድጓዳቸው ሰፊ ስለሆነ የትንንሾቹ መርፌ ታች ሄዶ ቆሻሻውን ነው የሚያነበው። ማጫወቻዬ 78 ዙር የለውም፣ ስለዚህ በ45 ቀድቼ ኮምፒውተር ላይ አፈጥነዋለሁ። ሠርቷል፣ ግን የቤዙ ሚዛን ልክ አይመጣም፤ ፎኖው የተሠራው ከነሱ በኋላ ለመጣ ደረጃ ነው። ይህ ገና ሥራ አለው። ከደህናዎቹ 5 ሁለቱ የዓረብ፣ ሦስቱ የጣሊያን ናቸው። ከባድ ሸክላ ባነሳሁ ቁጥር የማስበው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሄደው የተቀረጹት ድምፅ እንዲህ ያለ ሸክላ ላይ ነው የታተመው። አላገኘሁም። መፈለጌን አልተውም።

ትናንት ማታ ደግሞ ወደ ነከርኩት ሸክላ ተመለስኩ። አዛውንቱ «እስኪርቢቶ እኮ ወረቀቱን ይቦረቡረዋል፣ ቀለሙ ቢሄድም ጉድጓዱ ይቀራል» ብለውኝ ነበር። መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ ከወረቀቱ ጎን፣ ዝቅ አድርጌ፣ ጠረጴዛውን እስኪነካ ድረስ አጋድሜ አበራሁ። መጀመሪያ የውሃው እብጠት ብቻ ነው የታየኝ። ስልኩን በትንሽ በትንሹ እያዞርኩ ከ60 በላይ ፎቶ አነሳሁ። በአንዱ ላይ ጥላ መስመር ሠራ። አንድ ቁም መስመር፣ ከዚያ 4። ቁጥር 14 ነው።

ከሥሩ «ጳጉ» ይላል። ሐምሌ 1965 እና ጥቅምት 1966 መካከል ያለች ጳጉሜን። ቀኑ 3 ወይም 5 ነው፣ ወረቀቱ እዚያ ላይ ተጨማድዷል። 5 ከሆነ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው የገዛው። ሁለተኛውን መስመር ከቀኝ በኩል አላገኘሁትም። ዛሬ ማታ ከግራ አበራዋለሁ።